ኢቮና የቆመችበት ሚዛን

በልጄ የክርስትና ድግስ ላይ፣ ቴክሳስ ካሮልተን በገዛ ቤቴ፣ በእጄ ያጎረስኳትን ተከራያችን ናፕኪን ላይ ተፍታ ጣለችው። እንግዳው ሁሉ እያየ። የተደረገብኝ ይህ ነው። እኔ ያደረግኩትን ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱ።

ኢቮና ትባላለች፤ ፖላንዳዊት ናት። ሥራዋ ነፃ ትግል የሚባለው ነበር፤ ተያይዞ መጣጣሉ። አባቷ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነው። በከተማቸው ሌላ ሴት ስላልነበረች ከወንዶች ጋር እየወደቀች፣ ኋላም እየጣለቻቸው አደገች። ለአገሯ ተሰልፋ ሜዳሊያ አምጥታለች። ጉልበቷ ተጎድቶ ከቡድኑ ሲያስወጧት ወደዚህ መጥታ ፕሌኖ ከተማ ልጆች እያሰለጠነች ራሷም ትለማመድ ነበር። የእኛን አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሚስቴ ጽጌ አስተምራት “ጋሼ” ነበር የምትለኝ።

በድግሱ ማግስት ፎርት ዎርዝ ውድድር ነበራት። የአገሯ አሰልጣኝ ሊያያት መጥቷል። ካሸነፈች ወደ ቡድኑ ትመለሳለች፤ ካልሆነ አበቃ፣ ዕድሜዋም ሄዷል። ጠዋት ሳይወዳደሩ ይመዘናሉ፤ ከተፈቀደላት ኪሎ ጥቂት እንኳ ካለፈች አትገባም። ይህን አላውቅም ነበር አልልም። ሳምንቱን ሙሉ ስትራብ አይቻታለሁ። ታዲያ እያወቅኩ ለምን አጎረስኳት? ጉርሻ እምቢ አይባልማ! “አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!” ብዬ ዶሮውን ጠቅልዬ አፏ ውስጥ ከተትኩት። ዞር ብላ ተፋችው።

“በላቸው፣ ፈረንጇ ዶሮህን ገነዘችልህ እኮ!” አለ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ ስሜን ጠርቶ።

“ለመሆኑ ያስጠላት በርበሬው ነው ወይስ እጁ?” አለ ሌላው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ አልሳቅኩም። አሁንም አልስቅም።

ወጣትነቴን የጨረስኩት እህል በረንዳ ተሸካሚ ሆኜ ነው። “ሀ” ብዬ ሳልጀምር ሚዛን እንዴት እንደሚዛባ አውቅ ነበር። መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ መርፌ ያለው አሮጌ ሚዛን አለ፤ ኢቮና ከክለቧ ሚዛን ጋር አስተያይታው ታምነዋለች። አመሻሹ ላይ ላብ የሚያስወጣውን ላስቲክ ልብሷን ለብሳ ልትሮጥ ስትወጣ ገባሁ። አሳንሶ እንዲያሳይ የሚዛኑን ትንሽ መዘውር ወደ ኋላ አዞርኳት። ልዩነቱ ኪሎ አይሞላም። እኔ ነኝ ያዞርኳት፤ እሷን ባጎረስኩበት በዚሁ እጄ።

ተመልሳ መጥታ ወጣችበት። ኪሎዋ ገብቶላታል። አማተበች። ውኃ ቀድታ ጠጣች፣ ደገመች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና፣ በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛችን፣ “ጋሼ፣ ሶሪ። ነገ ከውድድሩ በኋላ አንተው ታጎርሰኛለህ፣ ኦኬ?” አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቀችኝ እኮ! “ቆይ፣ አትጠጪ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል” ማለት ምን ነበረበት? “ኦኬ” ብያት ገብቼ ተኛሁ። መዘውሩን ያዞረው ንዴት ነው እንበል። አፌን የዘጋውስ? ያኔ እኮ ንዴቴ በርዷል። እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ጠዋት እኔው ነዳሁላት። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አዳራሹ በር ላይ ጠበቅኩ። ከመመዘኛው ክፍል ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ኪሎዋ አልፏል። መመዘኛው እስኪዘጋ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ በዚያ ላስቲክ ልብስ በመኪኖቹ መካከል ሮጠች። ተንበርክካ፣ ቢቀንስልኝ ብላ፣ ምራቋን እየደጋገመች አስፋልቱ ላይ ተፋች። አልበቃም። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። እኔስ ምን አልኩ? “አይዞሽ” አልኩ። አይዞሽ! አፈር ይሙላው ይህን አፍ።

ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረችም። ብዙም ሳትቆይ ቤታችንን ለቀቀች። ሚዛኑን ጣልኩት።

ያኔ ክርስትና የተነሳችው ልጄ ቤዛ አድጋ ትግል ካልተማርኩ አለች። እናቷ ፕሌኖ አስመዘገበቻት። አንድ ቀን ላመጣት ብሄድ አሰልጣኟ ኢቮና! ልጆቹን ከብባ አስቀምጣ ስትናገር ደረስኩ።

“የመጨረሻ ዕድሌን ያጣሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሚዛኑን አሳስቼ አንብቤ፣ ስግብግብ ሆኜ ውኃ ጠጣሁ። ማንንም አልወቅስም።”

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ኃጢአት የራሷ አድርጋ፣ ጭራሽ የሰው ልጅ ታስተምርበታለች! ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቄ ነገርኳት።

“ሶሪ ካልኩህ በኋላም ዝም አልክ?” አለችኝ።

“ዝም አልኩ።”

መጥረጊያ አንስታ የትግሉን ምንጣፍ መጥረግ ጀመረች። “ነገ ና። የነገርኳቸው እውነት እንዳልሆነ ለልጆቹ አንተ ንገራቸው። እኔ አልነግርልህም።”

ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። ቤዛ ፊት ለፊቴ ናት። ሁሉንም ተናገርኩ። አንድም የሳቀ የለም። እንደ ድግሱ ቀን ቢስቁብኝ በስንት ጣዕሙ!

ወደ ቤት ስንመለስ ቤዛ ከኋላ ወንበር፣ “አባ፣ እሷ ዋተር ስትጠጣ አንተ አየህ?” አለችኝ።

“አየሁ።”

 እቤት ስንደርስ የመኪናውን በር እኔ ሳልከፍትላት ወረደች።

ኢቮና ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ይቅርታ አልለምንም፣ እናንተንም ጭምር። ጉርሻ አይተፋም፤ ይህን እስክሞት እላለሁ። ግን እሷ የተፋችው አንድ ጉርሻ ነው፤ እኔ የወሰድኩባት የዕድሜዋን ሥራ ነው። እውነቱ በልጄ ፊት የወጣው ባለፈው ዓመት፣ ግንቦት አንድ፣ በልደታ ዕለት ነው።