ለጥፋቴ ጥፋት ሲፈለግ

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ «ጥፋቴ» ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት ከገዛ አፏ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እግሯን ሲረግጣት «ይቅርታ፣ ጥፋቴ ነው» ትላለች። ደንበኛ ጨርቁን አበላሽቶ አምጥቶ ሲጮህባት «ጥፋቴ ነው» ብላ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። አንድ ቀን ድንገተኛ ዝናብ ወርዶ ሱቋ በር ላይ የተጠለለ መንገደኛ ሲያማርር ብትሰማው፣ እሱንም ይቅርታ ጠይቃዋለች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ዝናቡንም አንቺ ነሽ የለቀቅሽው?»

«ሰውየው አዝኖ ነበር እኮ። አንድ ሰው ይቅርታ ቢለው ምን ይጎዳል?» አለችው።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ባለፔዳል ስፌት መኪናዋን፣ መተኮሻ ጠረጴዛዋን እና እሷን ከያዘ በኋላ ደንበኛው ደጅ ሆኖ ነው የሚለካው። ሰው አምታ አታውቅም። ከልብሱ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ፣ መዳፍ የማይሞላውን ሳይቀር፣ በላስቲክ ቋጥራ ለባለቤቱ ትመልሳለች።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ክር ልትገዛ ወጣች። ከሱቋ ፊት ለፊት ጸሎት ቤት አለ፤ በሩ አናት ላይ በሰማያዊ ቀለም «እግዚአብሔር ይወድሃል» ተብሎ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ ሃያ ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል። የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም። መሬት የሚያንቀጠቅጥ ከባድ መኪናም አላለፈም። ከጥፋቴ በፊት ሰባት ሰው በሰሌዳው ሥር አለፈ፤ ከሰባቱ አንዱ የገዛ እናቱን ከቤት አባሮ ክፍሏን ያከራየ ሥጋ ሻጭ ነበር። ሥጋ ሻጩ እያፏጨ አለፈና ጋዜጣውን ገዛ። ስምንተኛዋ ጥፋቴ ነበረች። ሰሌዳው ተነቀለና ጥሏት ቀኝ ጭኗ ላይ አረፈ።

ሰው ተሯሩጦ ሰሌዳውን ሲያነሳላት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ይቅርታ፣ ጥፋቴ ነው፤ ቀለሙን ላጥኩት እንዴ?» የሚል ነበር።

ሆስፒታል ወሰዷትና እግሯን በገመድና በክብደት ወደ ላይ ሰቀሉት። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት እንደሷው ቀኝ እግሯ ተሰቅሎ ተኝታለች። ሴትየዋ የጎረቤቷን የውሃ ታንከር በመሰርሰሪያ ልትበሳ ጣሪያ ላይ ወጥታ ተንሸራታ ነው የወደቀችው፤ ነርሶቹ «ባለታንከሯ» ይሏታል። ምንም አልደበቀችም።

«ባስታውስ ኖሮ በጎማ ጫማ ነበር የምወጣው» አለች፤ ጸጸቷ እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙ ሁለቱን የራጅ ፊልሞች በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ቆየ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ አቀያየራቸው፣ ራሱን አከከ።

«ያው ቀኝ ጭን፣ ያው አጥንት፣ ያው ቦታ። የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እህትማማቾች ናችሁ?»

«ኧረ አይደለንም» አለች ባለታንከሯ፤ «እኔ ኃጢአተኛዋ ነኝ።»

የጠያቂ መዓት መጣ። የባሏ እህት የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ገና ሳትቀመጥ «ፈተና ነው እህቴ፤ የሚወደውን ነው የሚፈትነው» አለቻት።

ባለታንከሯ ከጎን ጣልቃ ገባች። «እኔንም ይወደኛል ማለት ነው?»

«ያንቺው እንኳ ቅጣት ነው።»

«በአንድ ዓይነት ስብራት?»

«በአንድ ዓይነት ስብራት» አለች የባሏ እህት ሳታወላውል፣ ብርቱካኑን ለጥፋቴ ብቻ እየላጠች።

ሌላዋ ጠያቂ ደግሞ ሰሌዳው አናቷ ላይ ባለመውደቁ አመስግኚ አለቻት። ጥፋቴ አመሰገነች። ከዚያ «አንድ እርምጃ ቢያዘገየኝስ ምን ይቀርበት ነበር?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባትና ደንግጣ ወዲያው በሆዷ ይቅርታ ጠየቀች።

በዚህ መሃል ሰፈሩ ውስጥ ፍርሃት ገባ። ሥጋ ሻጩ ቢመታ ኖሮ ሁሉም ሌሊቱን ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር። ጥፋቴ ያለ ምንም ጥፋት ከተመታች ግን ሌላው ምን ዋስትና አለው? ሰው በረንዳ ሥር ማለፍ ተወ። መሃል መንገድ ላይ እየተደረደረ በመሄዱ መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ ይውላሉ። የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ተሰብስቦ «ለአካባቢው ሰላም ሲባል» የጥፋቴን ጥፋት የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ነበሩ፤ ሰው «ጋሼ ሰዋስው» ይላቸዋል። ሰዓት ሠሪውና አናጺው አባላት ሆኑ።

ሦስቱም ደብተር ይዘው አልጋዋ ዙሪያ ተቀመጡ።

«እህቴ፣ ክፉ ልንሆንብሽ አይደለም» አሉ ጋሼ ሰዋስው። «ምክንያቱ ከታወቀ ሁላችንም እፎይ እንላለን። እስኪ አስቢው፤ የበደልሽው ሰው የለም?»

ጥፋቴ አፈረች። ሰዎቹ ሥራቸውን ፈትተው ከዚያ ድረስ መጥተው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ከበዳት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አልመጣልኝ አለ… ቆይ! በሰባት ዓመቴ የእናቴን መርፌ ጥዬ ድመቷ ናት ብያለሁ።»

ጋሼ ሰዋስው «መርፌ» ብለው ጻፉ።

«መርፌ ከጭን አጥንት ጋር ይመጣጠናል?» ሲል ሰዓት ሠሪው ጠየቀ።

«አይመጣጠንም» አለ አናጺው፤ እሱ ልኬት ያውቃል። «ድመቷም ብትቆጠር አይሞላም።»

ጋሼ ሰዋስው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ሌላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሰሌዳው ‹ይወድሃል› ነው የሚለው፤ ‹ይወድሻል› አይልም። ነጠላ፣ ሁለተኛ መደብ፣ ተባዕት ጾታ። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ለሴት የታሰበ አልነበረም ማለት ነው። በስሕተት ነው የደረሰሽ።»

«ታዲያ ለማን ነበር?» አለች ጥፋቴ።

ሦስቱ ወንዶች ተያዩ። ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ከግድግዳው ሥር ሳብ አድርጎ አራቀ።

«ይሄ እንኳ ቃለ ጉባኤው ላይ ባይገባ ጥሩ ነው» አለ።

«ጥፋቴ የበደለችው ሰው ካለ ቀርቦ ያስረዳ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አራት ቀን ሙሉ ማንም ዝር አላለም። በአምስተኛው ቀን የፖስተኛው ሚስት መጣች፤ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥፋቴ ለባሏ የሰፋችው ሱሪ በአራት ጣት አጥሮ ነበር አለች። ኮሚቴው ሊያጨበጭብላት ምንም አልቀረው። «የሱሪ ማጠር፣ አራት ጣት፣ የግራም የቀኝም» ተብሎ ተመዘገበ። ወሬው በሰፈሩ ተዳርሶ ሰው እንደገና ወደ በረንዳው ጥግ ተመለሰ። ሱሪ አሳጥሮ የማያውቅ ሁሉ ደረቱን ነፋ።

ጋሼ ሰዋስው ውጤቱን ሲነግሯት የጥፋቴ ፊት በራ።

«አስታወስኩት! ግራጫ ሱፍ ነበር። አዎ፣ አጥሮበት ተመልሶ መጥቷል። ይቅርታ…» ካለች በኋላ ግን ግንባሯ ተቋጠረ። የለካችውን ሰው ሁሉ ልኩን አትረሳም። «ቆይ ጋሼ። መቶ ስምንት ነው የለካሁት። መቶ ስምንት ነው የቆረጥኩት። እንዴት አጠረ?»

«እሱን ለኛ ተይልን» አሉና ደብተራቸውን አጥፈው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ፖስተኛው ራሱ መጣ። ቁመቱ የትየለሌ ነው፤ የክፍሉን በር ሲያልፍ ጎንበስ ከማለት አልፎ ጣሪያውን በጥርጣሬ ቃኘው። ያንን ግራጫ ሱሪ ለብሶት ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ይሄንን ጉድ ሳልናገር እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» አለ ቆሞ። «ሱሪውን አንቺ አላሳጠርሽውም። እኔ ነኝ በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ ያኮማተርኩት። ሚስቴን ፈርቼ ‹ሰፊዋ ናት› አልኩ። አንቺ ዘንድ መጥቼም ጮህኩብሽ፤ አንቺም ይቅርታ ብለሽ ሌላ ሰፋሽልኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» አለች ባለታንከሯ በአድናቆት።

«አሁን መንገድ ላይ ወደ ላይ እያየሁ ነው የምሄደው። የኔው ሰሌዳ የት ተሰቅሎ ይሆን እያልኩ። ትናንት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ደብዳቤዎቹ ረጠቡ።»

ጥፋቴ የተሰቀለውን እግሯን አየችው።

«እንግዲያው አላጠፋሁም» አለች።

«ምን አልሽ?» ባለታንከሯ ከትራሷ ቀና አለች።

«አላጠፋሁም። ሱሪውን አላሳጠርኩም። ዝናቡን አልለቀቅኩም። ከሰሌዳው ሥር ያለፍኩት ክር ልገዛ ነው።» ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ፤ ነርሷ በበሩ ብቅ አለች። «ምንም አላጠፋሁም!»

ደስ ይላታል ብሎ ያሰበ ካለ ተሳስቷል። ከሰዓት በኋላ ባሏ ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ አኩርፋ አገኛት። እጇ ስለማይደርስላት የተሰቀለውን እግሯን ጥፍር የሚቆርጥላት እሱ ነው፤ መቁረጫውን አውጥቶ ሥራውን ጀመረ።

«ጥፋት ቢኖርብኝ ይሻለኝ ነበር» አለችው። «ያኔ ቢያንስ እግዚአብሔር ለክቶ ነው የቆረጠው እላለሁ። አሁን ግን ሳይለካኝ መቀሱን አሳረፈብኝ። እንዲህ ያለ ሰፊ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ይወደኛል። እኔም እወደዋለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው። ባልወደው ኖሮ ምን አስጨነቀኝ?»

ባሏ አሰበ። ብዙ አሰበ። ትንሿን ጣት ጨረሰ።

«እኔም አላውቅም» አላት። «በይ ሁለተኛውን እግርሽን አምጪው።»

የጸሎት ቤቱ ሰባኪ እስከዚያ ድረስ አልመጣም ነበር። በአምስተኛው ሳምንት መጣ፤ ከስቶ፣ በእጁ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ሊቀመጥ ሲል ነርሷ ከለከለችው።

«የሰሌዳው ብሎን ዝጎ ነበር» አለ። «ጥበቃው ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። እኔ ግን ‹አይዞህ፣ እሱ ይጠብቀዋል› አልኩት። የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ማጥበቁ ግን የኔ ሥራ ነበር።»

«እርስዎን ይቅር ብያለሁ» አለች ጥፋቴ። «ሰው ነዎት፣ ዘነጉ። እሱ ግን አልዘነጋም። ሃያ ሁለት ዓመት ይዞት የኖረ፣ እኔ እስካልፍ አንድ ደቂቃ ለምን አልጨመረም? ደግሞ የኔስ እግር ነው፤ እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ ገና የስምንት ወር ሕፃን አለች፤ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ እሰማታለሁ። እሷስ የማንን ሱሪ አሳጠረች?»

ሰባኪው ወረቀቱን ዘረጋ። «አሥራ አንድ ምክንያቶች አዘጋጅቻለሁ» አለና ማንበብ ጀመረ። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ሁለተኛውን አነበበ፣ ሦስተኛውን አነበበ፤ ልቅሶው በኮሪደሩ እየመጣ ድምፁን ይሸፍንበታል። አራተኛው ላይ ቆመ። ወረቀቱን አጠፈው።

«አላውቅም» አለ። «ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ቤት ሆኜ ሳነበው አሳምኖኝ ነበር። እዚህ ሲነበብ ግን… አላውቅም።» እንባው መጣ።

ጥፋቴ በልማዷ ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና አጠገቧ ካለው ፋሻ ቁራጭ ቀድዳ ሰጠችው። እሱም አፍንጫውን ተናፈጠ።

«ሰባተኛውን እንኳ ብታነብልን ምናለበት?» አለች ባለታንከሯ። «ደህና ሊሆን ይችላል እኮ።»

ባለታንከሯ በስምንት ሳምንቷ ድና ወጣች። አጥንቷ ቀጥ ብሎ ገጥሟል። ሊወስዳት የመጣው ያው ባለታንከር ጎረቤቷ ነበር፤ ሻንጣዋን ተሸክሞላት፣ መኪናው ውስጥ ትራስ አንጥፎላት። የጥፋቴ አጥንት ግን ተጣሞ በመጋጠሙ እንደገና ሰብረው አስተካከሉት፤ አምስት ወር ሞላት። ስትወጣ ቀኝ እግሯ በሁለት ጣት አጥሯል። ሐኪሙ ለምን እንዲህ እንደሆነ ባለታንከሯንና እሷን እያነጻጸረ ሊያስረዳት ሞከረና ራሱን አክኮ ተወው።

ኮሚቴው ደብተሩን ዘጋ። የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ «ምክንያቱ ሊገኝ ስላልቻለ ጉዳዩ ለበላይ አካል ተመርቷል» ይላል። ሰባኪው ደግሞ ከዚያ ወዲህ መፍቻ ከኪሱ አይለይም። የሰፈሩን በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመስኮት ፍሬም ሁሉ እየዞረ ያጠብቃል፤ የአንዳንዱን ብሎን ጥርስ በልቶት ባለቤቶቹ ተቆጥተውታል። የማዶዋ ሕፃን ድና ወጣች የሚል አለ፤ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረች የሚልም አለ። ጥፋቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ጠይቃ እርግጡን የሚነግራት አላገኘችም።

ስፌት መኪናዋን በግራ እግሯ መርገጥ ለመደች። በመጀመሪያው ሳምንት ስፌቱ ወደ ኋላ እየሄደባት ሁለት ሸሚዝ ፈታች። ባሏ ማለዳ ሊወጣ ሲል ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ስታወራ ይሰማታል፤ ጸሎት ይሁን ጥል እስካሁን አልለየለትም።

«እንደምን አደርክ» ትላለች። «ዛሬም አልገባኝም። የሕፃኗንም አልረሳሁትም፤ ነገም እጠይቅሃለሁ።» አንድ ጠዋት ይህንኑ ብላ ወደ ስፌቷ ጎንበስ አለች። ሰኞ የሚደርስ ስድስት የተማሪ ዩኒፎርም ነበረባትና ክሩን በከንፈሯ አርጥባ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አስገባች።