ቃሉ የተሸፈነ ገጽ

አባቴ የዜማ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የአንዱን መስመር ቃል በወረቀት ቁራጭ ሸፍኖ፣ ከፊደሎቹ አናት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች ብቻ እያሳየ «በይ ስመኝ፣ ይኼ የቱ ነው?» ማለት የጀመረኝ ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቃቀል ነው። የሰፈሩ ልጆች ጠጠር ሲቀልቡ እኔ ነጥብና ጭረት እቀልብ ነበር። ነጥቦቹ ተደርድረው ሲመጡ ድምፅ ይርገበገባል። ጎባጣዋ ምልክት ድምፁን ወደ ደረት ታወርዳለች። ቁርጥ የምትባለዋ ስትመጣ ትንፋሽ እዚያው ይቆረጣል። ይህን የለመደ ሰው አንድም ቃል ሳያይ ዜማው ጆሮው ውስጥ ይነሣል፤ ዜማው ከተነሣ ደግሞ የጥምቀት ይሁን የመስቀል ይለየዋል። ስለይ አባቴ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብሎ ከኪሱ የተቆላ ሽምብራ ይሰጠኛል፤ ስሳሳት ራሱ ይበላውና እያየሁት ያላምጣል። ያን ጊዜ የሚይዘኝን ንዴት አትጠይቁኝ።

አንድ ሕግ ነበረው። «መጀመሪያ ዳሩን እዪ» ይላል። በገጹ ዳር የዜማው ስልት ግዕዝ ይሁን ዕዝል በትንሹ ይጻፋል፤ ያው ምልክት በግዕዝ ሲዜም ሌላ ነው፣ በዕዝል ሲዜም ሌላ። ዳሩን ሳያይ የሚዘል ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ እልል እንደሚል ነው ይለኝ ነበር።

የምንኖረው ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ በምትገኝ የደብሩ ቤት ነበር። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ዜማ ሊማሩ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎቹ በቀርቀሃ አጥሩ ዙሪያ ጎጇቸውን ቀልሰው ይኖራሉ። ዝናብ ሲመታው የዋለ የበግ ደበሎ፣ ያረጀ ብራና፣ ተማሪዎቹ የሚቀቅሉት ድንች፣ ሁሉም ባንድነት ይሸቱ ነበር፤ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አሉ። እናቴ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ደስ ሲላት በአማርኛ፣ ስትናደድ በአገውኛ ትናገራለች፤ ልጅ ሆኜ አገውኛ የምፈራው ለዚህ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ጨዋታው መልኩን ለወጠ። አባቴ መጽሐፉን ይዞ መጠየቁን ተወና «አንቺ ምልክቱን እያነበብሽ ንገሪኝ፣ እኔ ልለየው፤ ዓይንሽ ይሠልጥን» ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ተንኮል አማረኝና «ዛሬ ደግሞ እርስዎ ያንብቡ» ብዬ መጽሐፉን ገልብጬ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ አጎነበሰ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ ነዳና «ይኼማ የመስቀል ነው» አለ ኮራ ብሎ። ሳቄ መጣ። «አባ፣ ዘቅዝቀው እኮ ነው የያዙት» ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋና እጄን ያዘኝ። «ለማን ትናገሪያለሽ?» አለኝ። «ለማንም» አልኩት። ለካስ የዓይን ሞራ ይዞት ከዓመት በላይ ደብቆት ኖሯል።

ዜማን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ዓይን ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዓይናቸው ሳያይ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩ ስንት ሊቃውንት አሉ። የአባቴ ፍርሃት ሌላ ነበር። ተማሪ ምልክቱን ወደ ራሱ መጽሐፍ ሲገለብጥ ነጥብ በነጥብ የሚያርምለት እሱ ነው፤ የደብሩ አለቃ ደግሞ «መሪጌታ ስሕተት እያሳለፉ ነው፣ ወጣት መምህር ብናመጣስ» ማለት ጀምረው ነበር። መምህር ከተለወጠ ተማሪውም ይሄዳል፣ የምንኖርባትም ቤት ትሄዳለች። ስለዚህ እኔና እሱ ዘዴ ፈጠርን። ተማሪ የሚታረም ሲያመጣ አጠገቡ እቀመጥና መዳፉ ላይ በጣቴ እጽፍለታለሁ፤ ለነጥቡ መታ መታ፣ ለጎባጣዋ ጠምዘዝ፣ ለቁርጥ ጥፍሬን ጫን። ግዕዝ ከሆነ ክንዱን አንዴ፣ ዕዝል ከሆነ ሁለቴ ነካ። ሰው ሲያየን አባቷ ላይ ተለጥፋ የምትውል ቅምጥል ልጅ እመስላለሁ። እናቴ ምሥጢሩን ታውቃለች፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ትለኛለች በየጧቱ። ዘጋሁታ! ምን ላድርግ።

የደብሩ ንግሥ ደረሰ። ያን ዓመት ከዳንግላ በኩል አንድ ስመ ጥር የዜማ መምህር ተጋብዘው በፈረስ መጡ። ሁሉም «የኔታ» ይሏቸዋል፣ እኔም ሌላ ስም አላውቅላቸውም። በእኛ ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ካህናቱ ደጀ ሰላም ገብተው ዳቦና ጠላ ሲቀርብ፣ እንግዳው መምህር መጽሐፍ ያስመጣና ቃሉን ሸፍኖ የደብሩን መምህር ይጠይቃል። ጨዋታ ነው ይባላል። በዚህ ጨዋታ የወደቀ መምህር ግን ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ቻግኒ ይደርሳል። አባቴ ያን ጧት ጋቢውን ሁለት ጊዜ ደርቦ ሁለት ጊዜ አወለቀው።

መጽሐፉን አለቃው ራሳቸው ይዘው መጡ። እኔ ከአባቴ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተገፋፍተው ቆመዋል። የኔታ ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ መስመር ላይ ወረቀት ጣል አድርገው «በሉ መሪጌታ፣ ይኼን ይለዩልን» አሉ። መጽሐፉ አባቴ ጭን ላይ አረፈ። አባቴ ከጋቢው ሥር መዳፉን ዘረጋልኝ።

ነጥብ፣ ነጥብ፣ ጎባጣ፣ ነጥብ፣ ቁርጥ። ሰው ያየኛል ብዬ እየተጣደፍኩ ጻፍኩለት። አባቴ ጣቴን ጨበጥ አደረገኝ፤ ዳሩስ? ማለቱ ነው። ዳሩን አላየሁም! በወዲያኛው ጎን ነው፤ ለማየት ብድግ ብዬ ማጎንበስ አለብኝ፣ ሁሉም ደግሞ ዓይኑን ተክሎብናል። እንደው በድፍረት፣ እግዜር ያውቃል ብዬ፣ ክንዱን አንዴ ነካሁት። ግዕዝ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና በዚያ በሚያምር ድምፁ አዜመው። ሲጨርስም «የልደት ነው» አለ።

ማንም እሰይ አላለም። የኔታ ወረቀቱን አነሡትና «መሪጌታ፣ ዳሩ ላይ እኮ ዕዝል ይላል። የሕማማት ነው» አሉ ቀስ ብለው። በሩ ላይ አንዱ ተማሪ ሳቀ። አለቃው «ልደትን ከሕማማት!» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። ያን ጊዜ አባቴ ተነሥቶ ቆመ። «አላየሁትም» አለ። «ዓይኔ ካየ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የኔታ ግን አልተቆጡም። «ያዜሙት አንድ ነጥብ አልጎደለውም፤ የሳተው ስልቱ ብቻ ነው። ካላዩ ምልክቱን ማን ነገረዎት?» ብለው ጠየቁ። አፌን ከፈትኩ። እመብርሃንን፣ ከፍቼው ነበር። ምላሴ ከትናጋዬ ተጣብቆ ቀረ። አባቴ ቀድሞኝ «ማንም አልነገረኝ፤ ገምቼ ነው» አለ። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የዋሸው ለእኔ ሲል ነው።

ከዚያ በኋላ «ገምቶ አዛሚ» አሉት። ዓይነ ስውር ቢሉት ኖሮ ክብር ነበረው፤ ገማች ግን ማን ልጁን ይሰጠዋል? ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ጎጇቸውን ጥለው ሄዱ፤ ክረምቱ ሳይወጣ አዲስ መምህር መጣ። እኛም ዕቃችንን ጋሪ ላይ ጭነን ዘንገና አጠገብ ወደ እናቴ ዘመዶች ገባን። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ጋሪው ላይ አብረን ተቀምጠን ስንሄድ ብቻ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ቁርጧን ግን ጥሩ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ» አለኝ። እስክንደርስ አለቀስኩ። ሲሞት እዚያው ዘንገና ሞተ፤ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

እኔ አድጌ እንጅባራ ሥራ ያዝኩ፤ ትዳርም ልጆችም መጡ። ከዓመታት በኋላ አንድ ጧት መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሽማግሌ የዳንግላ ሚኒባስ መቼ እንደሚመጣ ሲጠይቁ ሰማሁ። አርጅተዋል፣ ግን ድምፃቸውን እንዴት እረሳዋለሁ? የኔታ ናቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩና የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ለዘመናት ውስጤ ሲብላላ የኖረውን አወጣሁት። «የኔታ፣ ያን ቀን መዳፉ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ዳሩን ያላየሁትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያም ቀጠሉ። «ክንድሽ ከጋቢው ሥር ሲንቀሳቀስ እያየሁ እኮ ነው የጠየቅሁት። እኔ ነኝ ትያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። ብትይ ኖሮ ለአለቃው የምለው ነበረኝ። ሴት ልጁን እዚህ ያደረሰ መምህር ዓይን አልጎደለውም፣ እሷ ታንብብለት እሱ ያርም፣ ብዬ በጉባኤው ፊት ላስወስን ነበር። እሱ ገመትኩ ካለ በኋላ ግን ምን ልበል? በሽምግልናው ውሸታም ላሰኘው?» ረዳቱ «ዳንግላ! ዳንግላ!» እያለ ይጮኻል። ደግፌ አሳፈርኳቸው። መስኮቱን ከፍተው «ልጅ ነበርሽ፣ ልጅ ይደነግጣል» አሉኝና ሄዱ።

አሁን እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ገጹን በስልኬ አነሣና ቃሉን አጥቁሬ ምልክቱን ብቻ እልክላቸዋለሁ፤ ኔትወርክ ካለ በደቂቃ መልስ ይጎርፋል፣ ግማሹ ስሕተት። ስንገናኝ «ሕማማቱን ልደት ያለው ማነው?» እላለሁ ቆጣ ብዬ። አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አለች፤ እጇን ሽቅብ አውጥታ «እኔ ነኝ እትዬ!» ትላለች፣ ኀፍረት የሚባል ነገር የላትም። በእኛ ጊዜ ጨዋ ልጅ ዝም ትላለች፤ የዛሬዎቹን ግን ሰው ዓይን አውጣ እያለ ያማቸዋል። ይማቸው። እኔ እንደሆንኩ ያቺ ልጅ እጇን ባወጣች ቁጥር ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። እሷ እየሳቀች የምትለውን እኔ ለአባቴ አላልኩለትም።