ሙቀት የማያውቅ እጅ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ካውያ ይለዋል። እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው፤ እሱም ከወረቀት ላይ አይቶ። የሚሠራበት ላውንደሪ እኛ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃው በስተግራ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹ ይንገጫገጫሉ፤ ከፊት ረጅሙ የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ፤ ከጣሪያው ሥር በተዘረጋው ብረት ላይ የሰው ሸሚዝ ተደርድሮ ተሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው። መነጽር ያደረገ ደንበኛ ገና ከበሩ ሳያልፍ ዓይኑ ይጋረድበታል፤ ጋሽ ካውያ ግን እዚያ ውስጥ በሸሚዙ ላይ ሰደርያ ደርቦ ይሠራል።

ሥራውን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ሸሚዝ ሲተኩስ በኮሌታው ይጀምራል፤ ካውያውን ከጫፍ ወደ መሐል እንጂ ከመሐል ወደ ጫፍ ገፍቶ አያውቅም፣ ጫፉ ላይ ይሸበሸባላ። ቀጥሎ እጅጌው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ደረቱ መጨረሻ። የሱፍ ሱሪ ሲሆን እርጥብ ጨርቅ ያለብሰውና በላዩ ይጫነዋል፤ እንፋሎቱ እያፏጨ ይወጣል። ካውያው መጋሉን የሚፈትነው በመዳፉ ነው። ሌላው ሰው ጣቱን በምራቅ አርሶ፣ ነክቶ የሚሸሸውን ብረት እሱ እንደ ልጅ ጉንጭ ዳበስ ያደርገዋል። ገና ከእሳት የወረደ ሻይ ባንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። በወጣትነቱ እጁ ይላጥ ነበር አሉ፤ ኋላ ደነደነ። ሰው ለሚያቃጥለው ነገር ይደነድናል፤ ደንድኖ ሲያበቃም ያወቀው ይመስለዋል።

ሙቀቱ ከዓመት ዓመት እየባሰ ሲመጣ በሕንፃው ውስጥ ያልተማረረ እሱ ብቻ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ታክሲ ነጂ ሸሚዙን ሊወስድ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ይነጫነጫል።

«ጋሽ ካውያ፣ ትናንት መሪውን መያዝ አቃተኝ፤ ይፋጃል። ዓለም እየነደደች ነው፣ በራዲዮ አልሰማህም?»

«ዓለምስ እንደነበረች ናት፤ የለሰለሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ሳይንቲስቶቹ ናቸው እኮ የሚሉት።»

«እሺ፣ እነሱ እዚህ መጥተው አንድ ቀን ሱሪ ይተኩሱና ከዚያ ስለ ሙቀት እናወራለን።»

ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ከሚባልባቸው መንገዶች ሁሉ በጣም የሚጣፍጠው ቀልድ ነው።

ሚስቱ ዱሮ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ልብስ ትቀበል ነበር። የእያንዳንዱን ደንበኛ ገመና ታውቃለች፤ ማን ደረቱ ላይ ቀለም እንደሚያፈስ፣ ማን ኪሱ ውስጥ ሙዝ እንደሚረሳ። ካቻምና ሳንባዋን ታማ ከተነሣች ወዲህ ግን የምትውለው ላይ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታት ከጭስና ከአቧራ ትራቅ ብሎ ነበር። ጋሽ ካውያ ይህን ቃል እንደ መሐላ ያዘው። ደረጃው መካከል ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የሳሏን ድምፅ ሲያዳምጥ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። «ዛሬ ደህና ናት» ይለኛል፣ ሳልጠይቀው።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረና ከተራራው ማዶ ያለው ደን በሰደድ እሳት ተያያዘ። እሳቱን አላየነውም፤ ያየነው ጭሱን ነው። አንድ ጧት ስንነቃ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ የለም፤ ፀሐይዋ ሊከስም እንደተቃረበ ፍም ደብዝዛ ተንጠልጥላለች። ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ጭሱ እንደ ብርድ ልብስ ተጭኖት ባሰ። ራዲዮው ሁለት ነገር ይደጋግማል፦ መስኮት ዝጉ፤ ደግሞም ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጉ። ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደሚያደርግ የነገረን የለም።

ጋሽ ካውያ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጭስ የሙያው ጠላት ነዋ። ጣሪያው ላይ አስጥቷቸው ያደሩት ነጫጭ የሆቴል አንሶላዎች ግራጫ ሆነው ሸትተው ጠበቁት፤ ደግሞ አጠባቸው፣ ደግመው ሸተቱ። ሙቀትን ሲቀልድበት የኖረ ሰው ጭሱን እጅ ከፍንጅ እንደያዘው ሌባ ተቆጣው።

«ነጭ አንሶላን እንዲህ ያደረገ ሳንባን ምን ያደርጋል?» አለኝ፣ የአንዱን ጫፍ አፍንጫዬ ሥር ይዞ። እውነቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ከልብስ ተኳሽ በቀር የሚታሰበው ሰው አይኖርም። አንሶላዎቹን እንደረጠቡ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። እኔ ባልዲውን ይዤ ተከተልኩት። መስኮቱን ሁሉ ዘጋ፤ ስንጥቁን በእርጥብ ፎጣ ደፈነ፤ አንሶላዎቹን በየመስኮቱ፣ በበሩና በአልጋዋ ዙሪያ ሰቀላቸው። እርጥብ ጨርቅ ጥላሸት ይይዛል፤ ይህን ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«ድንኳን ልትተክልብኝ ነው?» አለችው።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እሜቴ።»

«የተቃጠለውማ ተቃጥሏል። እኔን ግን ሞቀኝ።»

መዳፉን ግንባሯ ላይ አኖረ። «ምንም አይልሽ» አላት። ለእጁ እውነት ነበር፤ ካውያ ሲዳብስ ለኖረ መዳፍ የሰው ግንባር ሁሉ ቀዝቃዛ ነው።

በነጋታው እኩለ ቀን ላይ አንሶላዎቹን ሊያርስ ወጣ። ቤቱን የሞላው ወበቅ የላውንደሪው ወበቅ ነው፤ የለመደው አየር ተቀበለው። ኋላ ራሱ እንደነገረኝ ደስ ብሎት ነበር። የጠቆረውን አንሶላ አውርዶ ዘረጋላት።

«እይው፤ ይኼ ሁሉ ደረትሽ ውስጥ ሊገባ ነበር።»

«መስኮቱን ትንሽ ብትከፍትልኝ።»

«ጭሱስ?»

«ለአፍታ ብቻ።»

«ታገሺ። የሚገድለው ጭስ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም። ዕድሜ ልኬን እንፋሎት ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ሞትኩ?»

«አንተማ ካውያ ነህ» አለችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ አላማረረችም። ዝምታዋን እንደ መሻል ቆጠረው። ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ሳልም አልተሰማውም። «ዛሬማ በጣም ደህና ናት» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሚስቱ ታናሽ እህት ልትጠይቃት መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። በላውንደሪው በር ስታልፍ «ጋሼ፣ ዛሬም ሰደርያ?» አለችውና ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ድምፅዋ በደረጃው ወረደ። ጩኸት አልነበረም፤ የእህቷን ስም ነው የምትጠራው፣ መልስ እንዳጣ ሰው ደጋግማ።

እኔና ታክሲ ነጂው ቀድመን ደረስን። ከበሩ ሳልፍ መነጽሬ ተጋረደ፤ እርጥብ አንሶላ ፊቴን ዳሰሰኝ። ሚስትየዋ ዓይኗን ገልጣለች፣ እኛን ግን አታይም። ክንዷን ብይዘው ፈጀኝ። «የሆቴሉ ሰውዬ መጥቷል» ትላለች፣ «ልብሱን ስጡትና ይሂድ።»

ጋሽ ካውያ እያለከለከ ገባ። «ምን ሆነች? ጭስ ገባ?» መስኮቶቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ይፈትሻል።

«ጭስማ የት ያገኛታል» አለች እህትየዋ፣ አንሶላውን ከመስኮቱ ላይ እየገነጠለች። «እንደ ሱፍ ሱሪ እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ተኮስካት እኮ፣ ጋሼ።»

«አይሞቅም እኮ» አለ። መዳፉን ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ። «ምንም አይሞቅም።»

ያወረድናት በእነዚያው አንሶላዎች በአንዱ ነው፣ አራቱን ጫፍ ይዘን። ከመሬት በታች ያለው የሕንፃው ዕቃ ቤት መስኮት የለውም፤ አሮጌ አልጋና የተሰበረ ብስክሌት የታጨቀበት ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ላይ አስተኝተን፣ ውሃ እያፈሰስንባት፣ በካርቶን እያራገብን አምቡላንሱን ጠበቅን። የጋሽ ካውያ ክንድ ሲያራግብ እንኳ እንደ ሥራው ነበር የሚሄደው፤ ከጫፍ ወደ መሐል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ እንደሷ ያሉ ሰዎች በየአግዳሚው ተጋድመው ነበር፤ አብዛኞቹ ሽማግሌና አሮጊት። ወጣቷ ሐኪም «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። «በእጄ ነክቼያት ነበር» አላት ጋሽ ካውያ። እጁን ገልብጣ አየችው።

«አባባ፣ በዚህ እጅ ምንም አይታወቅም» አለችው። አልተቆጣችውም፤ ደክሟታል።

ብዙ አስቤበታለሁ። ጋሽ ካውያ ግዴለሽ ሰው አልነበረም። እኛ ራዲዮውን ሰምተን «ምን ይደረጋል» ብለን ስንቀመጥ፣ ተነሥቶ አንድ ነገር ያደረገ እሱ ነው። ስሕተቱ የሁላችን ነው፤ ለእሱ በሙያው ልክ ተሰፋለት እንጂ። ሰው የሚመጣውን የሚመዝነው በኖረበት ነው፣ ሌላ ሚዛን ከየት ያመጣል? ስንቶቻችን ነን «የልጅነታችንም በጋ ያቃጥል ነበር» የምንል። የኖርንበት ግን ለሚመጣው መስፈሪያ መሆኑ ቀርቷል፤ ይህን ለማመን ደግሞ የራስን ቆዳ መካድ ያስፈልጋል። ከባድ ነገር ነው። በስተርጅና ይበልጥ ይከብዳል።

ሚስትየዋ ተርፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሙቀቱም ጭሱም አልሄዱም። ዕቃ ቤቱን ጠራርገን አልጋ ዘረጋንበት፤ ከረፋዱ ጀምሮ እስኪመሽ እዚያ ትውላለች። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አራስም ልጇን ይዛ ትወርዳለች። እህትየዋ ቴርሞሜትር ገዝታ መጥታ ላይ ቤት ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«ካሁን ወዲያ የምታምነው ይኼን ነው፣ ጋሼ።»

«እሱስ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ባንተ እጅ አይደለም።»

አልሳቀም። እንደ ተማሪ ቆሞ ቁጥሩን አነበበ።

ትናንት ታክሲ ነጂው ሸሚዙን ሊወስድ መጣ። ዓይኑ ከጭሱ የተነሣ ቀልቷል፤ ድካሙ ትከሻው ላይ ይታያል። የዱሮው ቀልድ ሳይናፍቀው አልቀረም።

«እስኪ ጋሽ ካውያ፣ ዛሬስ ምን ትላለህ? ይኼ ሙቀት ነው?»

ጋሽ ካውያ ካውያውን አቆመው። ሸሚዙን በማንጠልጠያው አድርጎ ሰጠው።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ። «ታች ውረድና እሷን ጠይቃት።»

ነጂው ሸሚዙን ይዞ ሄደ። ጋሽ ካውያ ካውያውን ነቀለ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ሻይ በብርጭቆ ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደ። እኔም ከቤቴ ሙቀት ሸሽቼ ስለነበር ተከትዬው ወረድኩና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

«ሞቀሽ?»

«አልሞቀኝም።»

«እውነትሽን ነው?»

«ቅድም ጠይቀኸኝ ሄደሃል እኮ፣ አንተ ሰውዬ። እንዲህ ስትጨቀጭቀኝ ነው የሚያልበኝ።»

እጁን ወደ ግንባሯ ሊያነሣ አለና መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። በበሩ ሥር ከገባው ጭስ ትንሽ ሳለች፤ እሱም ተነሥቶ ፎጣውን አስተካከለ። ከዚያ ብርጭቆውን አቀበላት።

«በርዷል?» ብሎ ጠየቃት።

በከንፈሯ ነካ አደረገችው። «ገና ነው።»

«እንግዲያው እንጠብቀዋ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ።