እማዬ በይኝ

«እመቤት አትበይኝ፤ እማዬ በይኝ» አለቻት የቤቱ ባለቤት ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ፓስፖርቷን ተቀብላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ይሄ የሰው አደራ ነው፤ ከእኔ አይለይም።»

ልብስ ሰፊዋ ባሕር አቋርጣ ወደዚህ ከተማ የመጣችው ስፌት ፋብሪካ ልትሠራ ነበር። ደላላው ምሎ ተገዝቶ እንደዚያ ብሏታል፤ ያውም የሥጋ ዘመዷ ነው። በእሷ ሁለቴ ተከፍሎታል፦ ከዚህኛዋ እማዬ በገንዘብ፣ ከወለደቻት እናቷ በምርቃት።

ፋብሪካው ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ። ስፌቱም ወለል መወልወል፣ ልብስ መተኮስና የሴትየዋን እግር ማሸት ነው። የምትተኛው በልብስ ማጠቢያ ማሽኑና በግድግዳው መካከል ሲሆን፣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። «ሌባ እንዳይገባብሽ ብዬ ነው» ትላለች እማዬ። ሌባዋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፎቅ ላይ እንደምትተኛ ግን አልነገረቻትም።

አንድ ቀን ስለ ደመወዟ ብታነሳ ሴትየዋ ዕንባዋ መጣ። «ልጅ እናቷን ስላገዘች ይከፈላታል? እንደ ባዳ ነው የምታይኝ?» ልብስ ሰፊዋ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። ተበድሎ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

እንግዳ ሲመጣማ ሌላ ነው። «የትም ወድቃ ነበር፤ አንስቼ ልጄ አደረግኋት» ትላለች። ሰፈሩም «የሁሉ እናት» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ልብስ ሰፊዋ ሻይ እየቀዳች ዓይኗን ከቦርሳው አትነቅልም። ፓስፖርቷን ሳትይዝ በሩ ቢከፈትላትም የትም አትደርስም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ጎረቤቷ ፋርማሲስት ልጇን ልትድር ነውና፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ባለበት መጥታ «ልጅሽንም ይዘሻት ነይ» አለቻት።

«ኧረ እሷ ሰው ታፍራለች።»

«ልጄ ናት አላልሽም እንዴ? ልጅ ቤት ተቆልፎባት እናት ሠርግ ትበላለች?»

የሁሉ እናት እንግዶቿን ቃኘት አደረገችና በግድ ፈገግ አለች።

በሠርጉ አዳራሽ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ዋለች። ያያቸው ሁሉ «እንዴት ይዋደዳሉ» ይላል። ኋላ ግን ፎቶ አንሺው ቤተሰብና የቅርብ ጎረቤት ወደ ሙሽሮቹ እንዲወጣ ጠራ። የሁሉ እናት ደግሞ ፎቶ ላይ መቅረት አይሆንላትም። ቦርሳው ከቀሚሷ ጋር አልሄደም። ዕቃ ስታስይዝ እንደለመደችው ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «ያዢልኝ» አለች።

«ልጅዎስ አብራ አትነሳም?» አላት ፎቶ አንሺው።

«እሷ ቦርሳ ትይዛለች» አለች ፀጉሯን እያስተካከለች።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳውን ከፈተችው። ቦርሳው ውስጥ ገንዘብም ወርቅም ነበር፤ አልነካችውም። የራሷን ፓስፖርት ብቻ አወጣች። ሲመጡ በመኪናው መስኮት ፖሊስ ጣቢያውን አይታ መታጠፊያውን በልቧ ይዛለች። በሩ ላይ እንግዳ ለምትቀበለው ለፋርማሲስቷ እህት ቦርሳውን ሰጠቻት።

«ለእማዬ ይስጡልኝ።»

«ምነው ልጄ፣ እናትሽን ጥለሽ ወዴት ነው?»

«ልጅ አይደለሁ? ልጅ ካደገች ከቤት ትወጣለች» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ከኋላዋ ፎቶ አንሺው «እናቴ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» ሲል ይሰማል።