በመቃብሩ አፈር ላይ ያረፈው አንበጣ

የጎረቤቴ የእትዬ ዘነቡ አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል? ጠዋት ከወንዙ እስከ ደጇ ያለውን ዳገት በእንስራ ሁለቴ ትወጣለች። ከዚያ የቀርቀሃ መፋቂያዋን ይዛ እንሰት ስትፍቅ ወገቧ እስከ ቀትር የሷ አይደለም። ከሰዓት አረም፣ ማታ ለላሚቱ ሣር። ለዚህ ሁሉ ድካም የምታገኘው የዕለቱን ቆጮ ነው። ለነገ ያላት ከጓሮዋ ጫፍ ያለው የችግኝ መደብ ብቻ ነበር፤ ከባሏ ከገበየሁ ጋር ያፈሉት የቡናና የእንሰት ችግኝ። ገበየሁ በ1960 ዓ.ም. ጥር ወር ሞተና ከመደቡ አጠገብ ተቀበረ።

በዚያው ዓመት የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ አንበጣ ከአባያ ቆላ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ወናጎ ገባ። ቆርቆሮ መታን፣ እርጥብ ቅጠል አጨስን። ከአንዱ ጓሮ ስናባርረው የሌላው ላይ ያርፋል። በማግስቱ ፀሐይ ሲሞቀው ተነሥቶ ወደ ደጋው፣ ወደ ገደብ አገር ሄደ። ሰውም እፎይ ብሎ ቆርቆሮውን ወደ ቤቱ መለሰ።

ዘነቡ ግን መሬት መሬቱን እያየች ትዞር ነበር።

“ሄደ እኮ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?” አልኳት።

“ሙሽራ ሳለሁም ሄደልን ብለን ተኛን። ትንሽ ቆይቶ መሬቱ በኩብኩባ ፈላ። ክንፍ የለው፣ ቆርቆሮ ብትመቺለት አይሰማ፤ እየዘለለ ያገኘውን ግጦ አለፈ።”

ከዲላ የመጣው የግብርና ሠራተኛ ወልደዮሐንስም ይህንኑ ነገረን። አንበጣው እንቁላሉን የሚጥለው በተራቆተ ልል አፈር ውስጥ ነው፤ ከጣት ብዙ አይጠልቅም። ሳይፈለፈል አፈሩን ገልብጦ ፀሐይ ማስመታት ነው። ሰፈሩ የመንገዱን ዳርና የከብቱን መዋያ ቆፈረ። አንድ ልል አፈር ቀረ፤ የገበየሁ መቃብር። አንበጣዎቹ ጅራታቸውን ቀብረው ሲቀመጡበት ዘነቡ በዓይኗ አይታለች።

እሱም ይገልበጥ ስትል የሟቹ ወንድም ተሻለ እንቢ አለ። “ዓመቱ ሳይሞላ ዶማ አይነካውም። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍር ኖረ፤ አሁን ደግሞ እሱ ይቆፈር?”

“ችግኙስ?”

“ችግኝ ሌላ ይፈላል።”

“ገበየሁ ያፈላው ግን ሌላ የለም” አለችው።

ነገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሚዳኙበት ከሶንጎ ደረሰ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አባ በቀለ ሁለቱንም ሰምተው ወደ እሷ ዞሩ።

“የሱም ሐዘን ሐዘን ነው፤ ያንቺም ጓሮ ጓሮ ነው። ምን ይሁን ትያለሽ?”

“ዶማ አላስነካውም። በዚህ ላድርገው” ብላ መፋቂያዋን አሳየቻቸው። “ገበየሁ ያለው ከሰው ቁመት በታች ነው። እሱ ዘንድ አልደርስም።”

አባ በቀለ የመፋቂያውን ስለት በጣታቸው ዳስሰው፣ “እንግዲያው ተሻለ አጠገቧ ይቁም” አሉ።

ተንበርክካ ከራስጌው ጀመረች። እንሰት እንደምትፍቅ፣ ግን እጅግ ቀስ ብላ፣ አፈሩን በስሱ እያነሣች ገለበጠችው። ተሻለ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔም ልጄን አዝዬ ከአጥሩ ጋ ነበርኩ።

“አየህ ተሻለ፣” አለች ቀና ሳትል፣ “ጀርባዬን እከኪልኝ ሲለኝ ሥራ አለብኝ እለው ነበር። ይኸው አገኘኝ።”

ተሻለ ሳቅ አመለጠው። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ቆየት ብሎ ከግርጌው በኩል ተንበረከከና በጣቶቹ ይገለብጥ ጀመር። እንደ ሩዝ ፍሬ የተጣበቀውን ቢጫ እንቁላል በእንሰት ቅጠል ላይ ለቅመው ፀሐይ ላይ አሰጡት። አፈሩንም መልሰው ደለደሉት።

ኩብኩባው መምጣቱ አልቀረም። ማንም ካላየው ከወንዙ ዳር አሸዋ ተፈልፍሎ ወጣ፤ ቦይ ቆፍረን እየነዳን ቀበርነው፣ የበላውንም በላ። የዘነቡ መደብ ግን ዳነ። ዘንድሮ ችግኙን ስታዛውር ጉድጓዱን የቆፈረላት ተሻለ ነው።

ስለ አንቺ ልጽፍ ነው ስላት መፋቂያዋን አስቀምጣ አሰበች።

“እንግዲያው ለሚያነቡት አንድ ነገር ለምኚልኝ” አለች። “አንበጣው ሄደ ብለው ቆርቆሮ ጥለው አይግቡ፤ ያረፈበትን አፈር ይዩ። እኔም አንድ ቀን ሞቼ የመቃብሬ አፈር ልል ይሆናል። ካረፈብኝ አይፈሩኝ። በእጃቸው ይገልብጡኝና መልሰው ይደልድሉኝ።”