አንድ ጣት፣ አንድ ባንዲራ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት፤ ሎስ አንጀለስ

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትሳሳቱ። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ተሾመ ካፖርታቸውን ደርበው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ ይዘው የሕንጻችን በር ላይ ይጠብቁኛል። ጎረቤቴ ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው።

"ኳስ ልታይ ላስ ቬጋስ ድረስ እንደምትሄድ ሰማሁ። ብቻህን ከምትነዳ ልከተልህ" አሉኝ።

ኳሱ እርሳቸው የሚያውቁት ኳስ እንዳልሆነ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ። ግድ የላቸውም።

ወደ ሎስ አንጀለስ ከመምጣቴ በፊት ላስ ቬጋስ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። የአውስትራሊያ እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ ፍቅር የያዘኝም እዚያው፣ አንድ ካዚኖ ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ኤልያስ፣ ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ፣ ከአንድ አውስትራሊያዊ ጋር ሆኖ "የበረሃ ቀበሮዎች" የሚባል አማተር ቡድን አቋቋመ። አውስትራሊያዊው ወደ አገሩ ሲመለስ ቡድኑ በኤልያስ እጅ ቀረ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደጋፊ ነኝ፤ አንዳንድ ቅዳሜ ብቸኛው ደጋፊ ነበርኩ።

ዘንድሮ "ቡድኑን እንደ አዲስ እንገነባለን" ተባለ። ሜጋን የምትባል አሰልጣኝ መጣችና ነባሮቹን አሰናብታ ለጋ ለጋውን ሰበሰበች። ውጤቱ ሽንፈት በሽንፈት ሆነ። እንደ አዲስ መገንባት የሚሉት ነገር ለእኔ የሽንፈት የቁልምጫ ስም ነው። ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ኤልያስ ራሱ በበጋው ተጫዋቾቹን ሰብስቦ "ዘንድሮ አንድ ጨዋታ እንኳ ካላሸነፍን ክለቡን እንዘጋለን" ብሎ ቃል አስገብቷቸዋል። እልህ እንዲይዛቸው ብሎ ነው። እስካሁን አልያዛቸውም።

ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል፤ ቤከር

በረሃው መሃል ያለች የነዳጅ ከተማ ናት። ትልቅ ቴርሞሜትር፣ የደረቀ ሥጋ መሸጫ፣ ሽንት ቤት የሚጠብቅ ረጅም ሰልፍ። የቤንዚኑን ዋጋ ሳይ ዓይኔን አሸሁ፤ ጋሎኑ ከሰባት ዶላር በላይ! ጋሽ ተሾመ የድሮ ታክሲ ነጂ ናቸውና ከእኔ በላይ ተናደዱ።

"ቅድም ባርስቶው ላይ ስናልፍ ፉል አድርግ ብዬህ አልነበረም?"

ንዴታቸውን ለማስረሳት የጨዋታውን ሕግ ማስረዳት ጀመርኩ። ከቡናው መሸጫ አራት ስትሮ አምጥቼ የመኪናው ኮፈን ላይ በተርታ ደረደርኩ።

"ጎሉ አራት ቋሚ አለው፤ አግዳሚ የለውም። በመሃለኞቹ በሁለቱ መካከል ከገባ ጎል ነው፣ ስድስት ነጥብ። በመሃለኛውና በዳረኛው መካከል ካለፈ አንድ ነጥብ ብቻ።"

"የመሃሉን ቋሚ ነክቶ ቢገባስ?"

"አንድ ነጥብ።"

"ምን?" ቆሎውን ሊበትኑት ምንም አልቀራቸው። "ቋሚ ነክቶ የገባ እኮ ከሁሉም የሚያምረው ጎል ነው! ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ኳስ ነክቶ አያውቅም።"

እስከ ኔቫዳ ድንበር ድረስ ይህንኑ እያነሱ ሲጥሉ ሄዱ።

3 ሰዓት ተኩል፤ ማውንተንስ ኤጅ፣ ላስ ቬጋስ

አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ቤቶች፣ ከጀርባቸው የተራቆተ ተራራ፣ መሃል ላይ የመናፈሻው አረንጓዴ ሜዳ። ቋሚዎቹ ተተክለዋል። ኤልያስ ከነጭ የውሃ ቱቦ በገዛ እጁ የሠራቸው ናቸው፤ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ያለው ጋራዡ ውስጥ እኔ ቱቦውን ይዤለት እርሱ እንደቆረጠው አስታውሳለሁ። ያኔ ከፓርኪንጉ የሌሊት ሺፍት ወጥቶ፣ እንቅልፍ ሳያይ ነበር የሚሠራው።

ተጫዋቾቹ ያሟሙቃሉ። ካፒቴኑን ኤልያስን በመካከላቸው ፈለግሁ፤ የለም። አራት ቁጥር ማሊያውን ሌላ ሰው ለብሶታል። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ኖህ ነው። ኤልያስ የሐኪም የመሰለ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ሁለት ነጫጭ ባንዲራ በብብቱ ይዞ ከጎሉ አጠገብ ቆሟል። ክው አልኩ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"የጎል ዳኛ ነኝ" አለኝ እየሳቀ። በአማተር ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ከራሱ ሰው አንድ የጎል ዳኛ ያዋጣል።

"አንተን? ቡድኑን የመሠረትከውን ሰው አባረረችህ?"

"አላባረረችኝም፤ ጉልበቴ አልቋል። ሜጋን ልክ ናት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትመጣ ነበር?"

አልመጣም ነበር። ጋሽ ተሾመን አስተዋወቅሁት።

ከ4 ሰዓት በኋላ፤ ሜዳው

ከኤልያስ ጎል ጀርባ አሥራ አምስት የምንሆን አበሾች ቆመናል። ግማሾቹ የሌሊት ሺፍት ጨርሰው ከነዩኒፎርማቸው የመጡ ናቸው። ተጋጣሚው ከአሪዞና የመጣ፣ ትከሻው ሰፋፊ ቡድን ነው። እንደ ልማዳችን በሰፊ ልዩነት እንሸነፋለን ብዬ ነበር የመጣሁት። ልጆቹ ግን ይሮጣሉ! አንዱ ከሌላው ጫንቃ በላይ ዘሎ ኳስ ይቀልባል፣ መሬት ለመሬት ይንከባለላል፣ ተነሥቶ ደግሞ ይሮጣል። ሜጋን ዳር ላይ ቆማ እጇን እንዳጣመረች ናት። ስሟን በክፉ ሳነሣ ለከረምኩት ሁሉ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኋት። ግንባታው እውነት ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ኖህ ጎል ባገባ ቁጥር ኤልያስ ሁለት ጣቱን ቀስሮ፣ ሁለቱን ባንዲራ ያውለበልባል። ፊቱ ግን እንደ ድንጋይ ነው። ዳኛ አይስቅም።

ሊያልቅ ሲል በሦስት ነጥብ ተበልጠናል። ጎል ከገባ እናሸንፋለን፤ ክለቡም ይተርፋል። ኖህ ከቀኝ በኩል እየሮጠ መታ። ኳሱ ከፍ ብሎ መጣ፣ ተጣመመ፣ በመሃለኞቹ ሁለት ቱቦዎች መካከል ሾልኮ አለፈ። ልክ ሲያልፍ "ጥ" የምትል ድምፅ ሰማሁ። ባዶ ቱቦ በጥፍር ሲነካ የሚሰማውን ያህል ብቻ። ሜዳው ላይ ያሉት ሊሰሙት አይችሉም። ዋናው ዳኛ ሩቅ ነው። ልጆቹ ኖህን ተሸክመውታል።

ጋሽ ተሾመ ግን ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወርውረው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦ "ቋሚ ነክታ ገባች! ሰማችሁ? ቋሚ ነክታ!" ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ እልልታ። ሕጉን የነገርኳቸውን በደስታ ረስተውታል።

"ዝም ይበሉ ጋሼ!" ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። "ዝም ይበሉ፣ አልነካም!"

ኤልያስ አሥር እርምጃ ያህል ነው የሚርቀን። ዞር ብሎ ወደ እኛ አየ። ዋናው ዳኛ እየሮጠ መጥቶ በእንግሊዝኛ "ጎል ነው?" ብሎ ጠየቀው። ኤልያስ ወደ ቋሚው ሄደ። ከዚያ ቱቦውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና አንድ ጣቱን ቀሰረ። አንድ ባንዲራ አነሣ።

እልልታው ተቋረጠ። ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ በሁለት ነጥብ ተሸንፈናል።

7 ሰዓት፤ የመኪና ማቆሚያው

ልጆቹ የአንድ ፒክአፕ ጀርባ ከበው ቆመዋል። ወሬውን የጀመረው ኖህ ነው።

"ኤሊ፣ እኛ ዛሬ ጥሩ ተጫውተናል። ክሎዝ አናድርግ ፕሊስ።"

"ቃል ተገባብተን የለ?" አለ ኤልያስ።

"ቃሉን ያስገባኸን አንተ ነህ። ቼንጅ አድርገው።"

ኤልያስ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሜጋን ክለቡ ሲዘጋ ወደ ፎኒክስ ቡድን ልትወስዳቸው የምትችላቸውን አራት ልጆች ስም አነበበች። የኖህ ስም የመጀመሪያው ነበር። ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኤልያስ ቱቦዎቹን ነቅሎ አንድ በአንድ መኪናው ላይ ጫነ፤ እኔ ያዝኩለት፣ ልክ እንደ ድሮው። ያበጠ ጉልበቱን ሲያጥፍ ፊቱ ይጨማደዳል።

"ማንም አላየም ነበር እኮ" አልኩት በመጨረሻ።

"አዎ" አለኝ። ጋውኑን አጣጥፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው። አቅፎኝ ተሰናበተኝ።

ማታ 2 ሰዓት፤ ሎስ አንጀለስ

የመልሱ መንገድ ተጨናንቆ ነበር። ጋሽ ተሾመ እስከ ባርስቶው ድረስ ቆሎውን አልፈቱትም። እኔ ከራሴ ጋር ስከራከር መጣሁ። እርሱን ብሆን ሁለቱንም ባንዲራ አውለበልብ ነበር። አልዋሽም፣ አሁንም አውለበልብ ይሆናል።

የሕንጻችን በር ላይ ፓርክ ሳደርግ ጋሼ አልወረዱም።

"ያጋለጥኩት እኔ ነኝ አይደል?"

"አይደለም ጋሼ። ዳኛው አማርኛ አይሰማም።"

"ኤልያስ ግን ይሰማል" አሉ። ወርደው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ገቡ።

ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። እኔም "ዝም ይበሉ፣ አልነካም" ብዬ የጮኽኩት በአማርኛ ነበር።