አሚን ያሰኘችን ጠበቃ

የጎርፍ ሽታ ታውቃላችሁ? ዝናቡ ገና ደጋው ላይ እያለ፣ ቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ነፋሱ የራሰ አቧራና የተነቀለ ሥር ሽታ ይዞ ይመጣል። ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቆቦ መሀል በባጃጅ ስሄድ ይኸው ሽታ መጣብኝ። ሹፌሩ «ቲቸር፣ ዛሬ ወንዙ ሊሞላ ነው» አለኝ። እኔ ግን በሐሳብ ያደግኩባት ሮቢት ደርሻለሁ፤ ልጅ ነኝ፤ እናቴም ማሳው ዳር ቆማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። የኛ ቆላ ማሽላውን የሚያጠጣው ከደጋ በሚወርደው ጎርፍ ነው። በበጋ ወንዶቹ ተሰብስበው አፈርና እሾህ እየደለደሉ ክተር ይሠራሉ፤ ጎርፉ ሲመጣ ክተሩን የሠራ ሁሉ በየተራው ወደ ማሳው ያስገባል። ያልሠራ ተራ የለውም። እናቴ ሠርታለች። እሾህ በጀርባዋ ተሸክማ፣ እጇ እስኪሰነጠቅ ሠርታለች። አጎቴ ግን ተራ ሲደለደል «የሴት እጅ ክተር ላይ አይቆጠርም፤ የወንድሜ ተራ የኔ ነው» አለ። ውሃው ከቀረብን ማሽላው ያርራል። ማሽላው ካረረ ደግሞ መሬቱን እሱ የእኩል እንዲያርሰው ሰጥተን፣ እኔም ትምህርቴን ትቼ ሰው ቤት ልገባ ነው።

ያኔ ቆቦ ውስጥ አንዲት ሴት ጠበቃ ነበረች። አንዲት ብቻ! የዋጃ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ተምራ ተመልሳ ከልብስ ሰፊ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ገበያው «ባል ያጣች ክስ ታገባለች» እያለ ይተርባት ነበር። እናቴ ይዛኝ ሄደች። የልብስ ሰፊው የከሰል ካውያ ሽታ በግድግዳው አልፎ ይገባል፤ ጥቁር ካባዋ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እናቴን ሳታቋርጥ ሰማቻትና «እህቴ፣ ክስ ብንመሠርት ቀጠሮው ይርቃል። ማሽላ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። አብሽሪ፣ እኔው ራሴ እመጣለሁ» አለቻት።

መጣች። ከሚኒባሱ ስትወርድ ግን አንድ ጎንበስ ያሉ አሮጊት ደግፋ ነበር። ዱበርቲ ናቸው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም ዱዓ ያድርጉልን እየተባሉ የሚለመኑ፣ ምርቃታቸው የሚፈለግ፣ እርግማናቸው የሚፈራ እናት። ካባዋን ለብሳ ሕግ ታወርድባቸዋለች ብዬ ስጠብቅ አሮጊት ይዛ ትምጣ?

ሾላው ሥር የውሃውን ተራ የሚደለድሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አጎቴም አለ። ጠበቃዋ ልትናገር ስትል ዋናው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሴት በውሃ ነገር አትናገርም። ባለጉዳይዋ ወንድ ወክላ ትምጣ» አሉ።

«እሺ አባባ» አለች። እሺ! እናቴ እጄን ጨመቀችኝ።

«ዱዓ ላይስ፣ አባባ? ሴት ዱዓ ታደርግ የለ?»

«እንዴታ! ያለ ዱበርቲ የምን ዱዓ አለ?»

«እንግዲያው ነገሩን በዱዓ እንክፈተው።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ፤ በኛ አገር ምርቃት ላይ እስላም ክርስቲያን የለም። ዝናቡን ለመኑ፣ ከብቱን መረቁ፤ «አሚን» ተባለ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ክተሩ ላይ የደማ እጅ ሁሉ ከውሃው ይድረሰው!» አሉ።

«አሚን!»

«የደማውን እጅ ያስቀረ፣ ጎርፉ ማሳውን ጠርጎ ይውሰድበት!»

«አሚን!» አጎቴም ሳያስበው አብሮ አለ።

ጠበቃዋ ንግግር አላደረገችም። እናቴን ክንዷን ይዛ መሀል አመጣቻትና «መዳፍሽን እንደዘረጋሽ ሁኚ» አለቻት። ስንጥቁ፣ የእሾሁ ቁስል ሁሉ ይታያል። አጎቴ አቀረቀረ። ዋናው ሽማግሌ የእናቴን እጅ አዩ፣ አሮጊቷን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አይ ይቺ ልጅ! በገዛ አሚናችን አሰረችን እኮ! በሉ ተራዋን ስጧት።»

ከቀናት በኋላ ጎርፉ እየጓጎረ መጣ። እናቴ ድፍርሱ ውሃ ውስጥ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ያ ማሽላ እኔንም ትምህርት ቤት አቆየኝ።

የገበያው ተረብም ተለወጠ። ጠበቃዋ ለምክር ቤት ስትወዳደር «አሚን ያሰኘችን ሴትዮ» እያለ ገበያው መረጣት። እዚያም ገብታ ሴቶች በውሃ ኮሚቴ እንዲቀመጡ ስትሟገት ከረመች። «አይደክምሽም ወይ?» ሲሏት፣ «ሲደክመኝ ዱበርቲዋን አመጣለሁ» ትል ነበር አሉ። አላህ ይስጣት፣ ስንቷን ሴት ሰው አደረገች!

ትናንት ባጃጁ የወሰደኝ እሷው ቤት ነው። አንቱ ስላት ስለምትቆጣ ዛሬም አንቺ እላታለሁ። አርጅታለች። የረታቻቸው ክሶች፣ የምክር ቤቱ ወንበር፣ ሁሉም ከጭንቅላቷ ወጥተዋል። ልጇ በሩን ስትከፍትልኝ «ዛሬ የኔንም ስም ረስታለች» አለችኝ። በመስኮቱ ያ ሽታ ይገባል። ጠበቃዋ ወደ ነፋሱ ዞር አለችና እጄን ያዘችኝ።

«ውሃው ደረሳችሁ?»

በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

«ደረሰን፣ እትዬ።»

«ማሽላውስ?»

«አፈራ።»

«እናትሽስ?»

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ስንቴ ነግሬያት ስንቴ እንደ አዲስ አለቀሰች መሰላችሁ! ትናንት ግን አልቻልኩም።

«ውሃው ውስጥ ቆማ እየሳቀች ነው» አልኳት።

ፊቷ በራ። ቀስ ብላ መዳፏን ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ።